ሕመሙ የጠፋ ጥርስ ድኗልን?

ስለ ጥርስ ሥር ሕክምና ለበሽተኞች የቀረበ ትምህርት

ብዙ ሰው የጥርስን ሕመም እንደ ቀላል ነገር ይቈጥረዋል። ሆኖም ሕመሙ የያዘውን ሰው እንቅልፍ ይነሣል፤ ምግብ ይከለክላል፤ ሥራ ያስፈታል፤ ችላ ሲባልም ከጥርሱ አልፎ በሕይወት ላይ አደጋ ያመጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ 2 ቢሊዮን ያህል ሰዎች የቋሚ ጥርስ መበስበስ እንዳለባቸው ገምቷል። እንግዲህ ይህ የጥቂት ሰዎች ችግር ሳይሆን የብዙዎች በሽታ ነው።

በዚህ ወር ትምህርታችን ሐኪሞች «ሩት ካናል»፥ ሰዎችም በተለምዶ «ነርቭ ማስወጣት» ስለሚሉት ስለ ጥርስ ሥር ሕክምና እንገልጻለን። ዐላማችን አንባቢን የጥርስ ሐኪም ለማድረግ አይደለም። በሕክምናው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ምን እንደሚደረግለትና ለምን እንደሚደረግለት ዐውቆ ያለ ፍርሀት እንዲታከም፥ የጀመረውንም ሕክምና እንዲፈጽም ነው። ከሁሉ በላይ ልብ እንዲባልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የጥርስ ሕመም ጠፋ ማለት በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም።

1ኛ፤ ጥርስ እንዴት ተሠርቷል?

ጥርስ ድንጋይ መስሎ ቢታይም ሕይወት ያለው የሰውነት ክፍል ነው። ከላይ የሚታየው ነጩ ሽፋን ኢናሜል ይባላል፤ በሰውነታችን ውስጥ ከእርሱ የሚጠነክር ነገር የለም። ከኢናሜሉ በታች ዴንቲን የሚባል፥ ከኢናሜሉ የሚለሰልስና ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት ክፍል አለ። በመካከሉ ደግሞ የደም ሥሮችና ነርቮች የሚገኙበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ይህ ሥጋ ከጥርሱ ዐናት ተነሥቶ በቀጫጭን ቦዮች በኩል እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል፤ በዚያም ከመንጋጋ ዐጥንት ከሚመጡት የደም ሥሮችና ነርቮች ጋር ይገናኛል።

የሐረር ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የጀጎል ግንብ ከተማይቱን ከብቦ ይጠብቃት ነበር፤ ሰውም በጥንታውያኑ 5 በሮች ይገባና ይወጣ ነበር። ኢናሜል የጥርስ ግንብ ነው። ለስላሳው ሥጋ በግንቡ ውስጥ እንደሚኖር ሕዝብ ነው፤ የሥሩ ቦዮችም በጀጎል ውስጥ እንዳሉት ጠባብና ጠመዝማዛ መንገዶች ናቸው። ግንቡ ሳይፈርስ በውስጥ ያለው በሰላም ይኖራል። ግንቡ ከተሸነቈረ ግን ጠላት ይገባል፤ ከገባም በኋላ በውጭ በኩል ግንቡን ማጠብ ብቻ አያስወጣውም።

የቦዮቹ ቍጥር በሁሉም ጥርስ አንድ አይደለም። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ አላቸው፤ መንጋጋዎች ግን ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 አላቸው። ስለዚህ የመንጋጋ ሕክምና ከፊት ጥርስ ሕክምና የበለጠ ጊዜ ቢወስድ ሊያስደንቀን አይገባም።

2ኛ፤ በሽታው እንዴት ይጀምራል?

በምሳሌ እንናገር። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው፥ በስፌት መኪና ድምፅ ምክንያት «መኪና ግርግር» በተባለው መንገድ ላይ የሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ እናስብ። ይህ ሰው ክር መቍረጥ ሲፈልግ መቀሱን ትቶ በጥርሱ ይበጥሳል። ቀኑን ሙሉ ስኳር የበዛበት ሻይ በየጊዜው ይጠጣል። ከቀትር በኋላም ጫት በግራ ጕንጩ ይዞ ይቈያል። ማታ ሲደክመው አፉን ሳያጥብ ይተኛል።

በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ጀርሞች ስኳሩን ሲመገቡ አሲድ ያወጣሉ። አሲዱም ኢናሜሉን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ምራቅ ይህን አሲድ የሚያበርድና ጥርስን የሚያጥብ ጠባቂ ነበር፤ ጫት ግን አፍን ስለሚያደርቅ ጠባቂው ይቀንሳል፤ ከጫት ጋር የሚጠጣው ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ መጠጥም የጀርሞቹን ምግብ ያበዛል። ክር መበጠስና የጠርሙስ ክዳን በጥርስ መክፈት ደግሞ ጥርስን ሊሸርፉና ሊሰነጥቁ ይችላሉ።

በአገራችን ብዙዎች የጥርስን ሕመም የሚያመጣው ትል ነው ይላሉ፤ ትሉን ለማስወጣትም የዘር ጭስ ይታጠናሉ። ይህ አሳብ በብዙ የዓለም አገሮችም ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ካኬሃሺ፥ ስታንሌይና ፊትዝጄራልድ የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የአይጦችን ጥርስ ሸንቍረው ውስጠኛውን ሥጋ ገለጡት። እንደ ማንኛውም አይጥ ከጀርም ጋር በኖሩት ላይ የጥርሱ ሥጋ በስብሶ ሞተ። ምንም ጀርም በሌለበት ስፍራ ባደጉት አይጦች ላይ ግን ቍስሉ ዳነ፤ አዲስ ዴንቲንም ሸፈነው። ከዚህ ጥናት የተነሣ ጠላቱ ጀርም መሆኑ በግልጽ ታወቀ። የጥርስ ሥር ሕክምናም ዋና ሥራው ጀርሙን ከሥሩ ውስጥ ማስወጣትና ተመልሶ እንዳይገባ መዝጋት ነው።

3ኛ፤ ሕመሙ ለምን ይጠፋል?

ወደ ልብስ ሰፊው እንመለስ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲነካው ጥርሱ ለቅጽበት ይወጋውና ይተወዋል። በዚህ ጊዜ ወደ ሐኪም ቢሄድ የተበላሸው ክፍል ተጠርጎ ተራ ሙሊት ይበቃው ነበር። እርሱ ግን ቸል አለ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሕመሙ ጠባዩን ለወጠ። ትኩስ ሻይ ሲጠጣ የተነሣው ሕመም ብዙ ደቂቃ ይቈያል። ምንም ሳይነካውም በራሱ ይነሣል፤ ማታ ሲጋደም ይብሳል፤ ወደ ጆሮውና ወደ ግንባሩም ይወጣል። ይህ ሁኔታ ውስጠኛው ሥጋ ከእንግዲህ ሊድን በማይችልበት መጠን መቍሰሉን ያመለክታል። ሥጋው ሲቈጣ ማበጥ ይፈልጋል፤ ነገር ግን በጠንካራ ጥርስ ውስጥ ተዘግቶ ስላለ ማበጫ ቦታ የለውም። የሕመሙ ብርታት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሰውየው ቅርንፉድ ነከሰ፤ ነጭ ሽንኩርት አደረገበት፤ ከጎረቤቱም የሕመም ማስታገሻ ተቀበለ። በ5ኛው ቀን ሕመሙ ፈጽሞ ጠፋ። እርሱም «ተመስገን፥ ዳንኩ» አለ።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሕመሙ የጠፋው ነርቩ ስለ ሞተ ነው። የሞተ ነርቭ አያምም። ጀርሞቹ ግን አልሞቱም። ደም በማይደርስበት በሞተው ሥጋ ውስጥ ያለ ተቃዋሚ ይራባሉ፤ በሥሩ ጫፍ በኩልም ወደ መንጋጋው ዐጥንት ይወጣሉ። ዐጥንቱ ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ መግልም ይጠራቀማል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጥርሱ ሲነክሱበት ያማል፤ ወይም ድድ ላይ ብጕር የመሰለ ነገር ወጥቶ መግል ያፈሳል፤ ወይም ጕንጭ በድንገት ያብጣል።

ስለ ቅርንፉድ ጥቂት እንጨምር። ቅርንፉድ ሕመምን የሚያደነዝዝ ዘይት በእርግጥ አለው፤ የጥርስ ሐኪሞችም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰው ለጊዜያዊ ሙሊት ይጠቀሙበታል። ስለዚህ የእናቶቻችን ዕውቀት ከንቱ አልነበረም። ሆኖም ቅርንፉድ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሣል እንጂ በሥሩ ውስጥ ያለውን ጀርም አያስወጣም። አስፕሪን በድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ድዱን ያቃጥላልና ፈጽሞ አይገባም።

4ኛ፤ ሕክምናው እንዴት ይደረጋል?

ሐኪሙ አስቀድሞ ጥርሱን ይመረምራል፤ በቀዝቃዛ ነገር ይነካዋል፤ ቀስ ብሎም ይመታዋል። ይህን የሚያደርገው ነርቩ ሕያው መሆኑንና የቈሰለው ጥርስ የትኛው መሆኑን ለመለየት ነው። ቀጥሎም ራጅ ያነሣል። ያለ ራጅ የሥሩን ቦይ ማከም መንገድ የማያውቅ እንግዳ ያለ መሪ በጀጎል መንገዶች እንደ መግባቱ ነው።

ከዚህ በኋላ በመርፌ ማደንዘዣ ይሰጣል። ጥርሱ በጣም ከተቈጣ፥ በተለይም የታችኛው መንጋጋ ከሆነ፥ የመጀመሪያው መርፌ ሳያደነዝዘው ሊቀር ይችላል። ይህ የሐኪሙ ጥፋት ወይም የበሽተኛው ፈሪነት አይደለም። በሽተኛው ሕመም ከተሰማው እጁን እንዲያነሣ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይስማማ፤ ሐኪሙም ሥራውን አቁሞ ማደንዘዣ ይጨምርለታል። በዝምታ መሠቃየት ጀግንነት አይደለም።

በጥርሱ ዙሪያ ስስ የጎማ ሽፋን ይደረጋል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1864 የጀመረው ሳንፎርድ ባርነም የተባለ የኒው ዮርክ የጥርስ ሐኪም ነው። ሽፋኑ ምራቅና ጀርም ወደ ተከፈተው ሥር እንዳይገባ፥ ትንንሽ መሣሪያዎችና መድኃኒትም ወደ ጕሮሮ እንዳይወርዱ ይከለክላል። በሽተኛው በአፍንጫው መተንፈስ ብቻ ይበቃዋል።

ከዚያም ሐኪሙ በጥርሱ ዐናት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታል። የቦዮቹን አፍ ፈልጎ የእያንዳንዱን ርዝመት ይለካል። ፋይል በሚባሉ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሞረዶችም የሞተውን ሥጋ ያወጣል፤ የቦዩንም ግድግዳ ይፍቃል። ሞረድ የማይደርስባቸው ጥቃቅን ስፍራዎች ስላሉ ጀርም በሚገድል ፈሳሽ ደጋግሞ ያጥበዋል። ይህ ፈሳሽ በበረኪና ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው፤ ነገር ግን በሐኪም እጅ ብቻ የሚሠራበት ስለ ሆነ ማንም ሰው በቤቱ በረኪና ወደ አፉ እንዳያስገባ በብርቱ እናሳስባለን።

ቦዩ ሲጸዳና ሲደርቅ በጉታ ፐርቻ ይሞላል። ጉታ ፐርቻ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ነው፤ በጥርስ ሕክምና ከ150 ዓመታት በላይ አገልግሏል። በመጨረሻም ከላይ የተከፈተው ቀዳዳ ይደፈናል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሊፈጸም ይችላል፤ ቍስሉ ብዙ ከሆነ ግን መድኃኒት ተደርጎበት በጊዜያዊ ሙሊት ይዘጋና በሽተኛው ለሌላ ቀን ይቀጠራል።

5ኛ፤ መንቀል ወይስ ማከም?

«ጥርስ መንቀል በአንድ ቀን ያልቃል፤ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ስለ ምን ብዙ እደክማለሁ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ሙሉ አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል። የተነቀለ ቋሚ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። በግራና በቀኝ ያሉት ጥርሶች ወደ ባዶው ስፍራ ሊያዘነብሉ፥ ከትይዩ ያለውም ጥርስ ሊረዝም ይችላል። ሰውየው በአንድ ወገን ብቻ ማላመጥ ይጀምራል። በኋላም ሰው ሠራሽ ጥርስ ልትከል ቢል ወጪው ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል። በሌላ በኩል በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች በደንብ ከታከሙት 10 ጥርሶች 8 ወይም 9 ያህሉ ከብዙ ዓመታት በኋላም በአፍ ውስጥ ሲያገለግሉ ተገኝተዋል።

ይህን ስንል ሁሉም ጥርስ ይድናል ማለታችን አይደለም። ጥርሱ ከድድ በታች ከተሰበረ፥ ሥሩ ለሁለት ከተሰነጠቀ፥ ወይም የያዘው ዐጥንት ፈጽሞ ከጠፋ መንቀል ትክክለኛ ሕክምና ነው። ስለዚህ በሽተኛው ሐኪሙን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤ «ይህ ጥርስ ሊድን ይችላልን? ስንት ጊዜ መመላለስ ያስፈልገኛል? ሙሉ ዋጋው እስከ መጨረሻው ሙሊት ወይም ቆብ ድረስ ስንት ነው?» ዋጋውን አስቀድሞ ማወቅ ሕክምናውን በመካከል ከማቋረጥ ያድናል።

6ኛ፤ ከሕክምናው በኋላ ምን ይደረግ?

ብዙ ጥርስ የሚጠፋው በሕክምናው ጕድለት ሳይሆን ሕክምናው ሳይፈጸም በመቅረቱ ነው። ልብስ ሰፊው ጕንጩ አብጦ ወደ ሐኪም ሄደ እንበል። ሥሩ ተከፍቶ ተጸዳለት፤ በጊዜያዊ ሙሊት ተዘጋለት፤ እብጠቱም ጎደለ። ሕመም ስለሌለበት በቀጠሮው ቀን «ዛሬ ሥራ አለብኝ» ብሎ ይቀራል። ጊዜያዊው ሙሊት ግን ለዘለቄታ የተሠራ አይደለም፤ ይሸረፋል፥ ምራቅ ያስገባል፤ ጀርሙም በጸዳው ቦይ ውስጥ እንደ ገና ይሰፍራል። ያ ሁሉ ድካምና ገንዘብ ከንቱ ይሆናል። በመጀመሪያ ያታለለው የሕመም መጥፋት ሁለተኛ ጊዜ አታለለው።

ሥሩ የታከመ ጥርስ ብዙ አካሉ በመበስበሱና በመከፈቱ ስለ ጎደለ በቀላሉ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ለመንጋጋ ብዙ ጊዜ ክራውን የሚባል ቆብ ይደረግለታል። ቆቡ ወይም ቋሚው ሙሊት እስኪደረግ ድረስ በዚያ ጥርስ ቆሎ፥ ዐጥንትና ጠንካራ ነገር መቈርጠም አይገባም። ማደንዘዣው እስኪለቅም ድረስ ከንፈርና ምላስ እንዳይነከሱ ከመብላት መታገሥ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ጥርሱ ሲነክሱበት መጠነኛ ሕመም ሊሰማ ይችላል፤ ሐኪም ባዘዘው ማስታገሻም ይበርዳል። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ወይም እብጠት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መመለስ ያስፈልጋል።

7ኛ፤ ቀን የማይሰጡ ምልክቶች

ከታችኛው መንጋጋ የተነሣ መግል ከምላስ ሥርና ከአገጭ በታች ሊሰራጭ ይችላል። ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1836 የገለጸው ፎን ሉድቪግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ስሙም እስከ ዛሬ በእርሱ ይጠራል። እብጠቱ ምላስን ወደ ላይ እየገፋ የመተንፈሻን መንገድ ይዘጋል። ከዚህ በታች ከተጻፉት አንዱ የታየበት ሰው ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤

ሀ) ከአገጭ በታች ወይም በአንገት ላይ የሚሰፋ እብጠት፤
ለ) አፍ መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ አለመቻል፤
ሐ) የመተንፈስ ችግር ወይም የድምፅ መለወጥ፤
መ) ብርቱ ትኩሳት ከፊት እብጠት ጋር፤
ሠ) ወደ ዐይን የሚወጣ እብጠት።

በከተማችን የሕይወት ፋናና የጀጎል ሆስፒታሎች አሉ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የጭስ መድኃኒት ሲፈለግለት ወይም ጎረቤት የተረፈውን ክኒን ሲያመጣለት ጊዜ ማጥፋት አይገባም። የጀርም መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ እብጠት እንዳይሰራጭ ይረዳል፤ ነገር ግን ደም በማይገባበት በሞተው ሥር ውስጥ አይደርስም። ስለዚህ ክኒን ብቻውን ሕመሙን አብርዶ ምንጩን እንዳለ ይተወዋል።

8ኛ፤ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሞተ ጥርስ በአፍ ውስጥ መኖሩ ሰውነትን አይመርዝምን?
መልስ፦ የሚጎዳው በጥርሱ ውስጥ የቀረ የበሰበሰ ሥጋና ጀርም ነው። ይህ ተጠርጎ ሥሩ ከተዘጋ ጥርሱን ከዐጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ሕያው ሆኖ ይኖራል፤ ጥርሱም እንደ ሌሎቹ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ሴት ልትታከም ትችላለችን?
መልስ፦ ትችላለች። ነፍሰ ጡር መሆኗን አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገር። መግል ተሸክሞ መቈየት ለእርሷም ለፅንሷም አይበጅም። የስኳር ወይም የልብ በሽታ ያለበት፥ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፥ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰውም እንዲሁ አስቀድሞ ይናገር።

ጥያቄ፦ በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም ምን ላድርግ?
መልስ፦ ጥርሱ ሊታገሥ የሚችል ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ለጾሙ የሚስማማ ሰዓት መቀጠር ይቻላል፤ ስለ ሥርዐቱም የሃይማኖት አባትን መጠየቅ ነው። በ7ኛው ክፍል የተጻፉት ምልክቶች ካሉ ግን ቀጠሮ ማዘግየት አይገባም።

ጥያቄ፦ መፋቂያ ይበቃልን?
መልስ፦ የወይራ መፋቂያም ሆነ ሶማሌዎች «አዳይ» የሚሉት እንጨት በደንብ ከተፋቁበት ጥርስን ያጸዳል። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ግን ኢናሜሉን ያጠነክራልና በቀን 2 ጊዜ፥ ይልቁንም ማታ ከመኝታ በፊት መጠቀም ይበልጣል። ጫት የሚቅም ሰው ከጣፋጩ መጠጥ ይልቅ ንጹሕ ውኃ ይጠጣ፤ ሲጨርስም አፉን አጥቦ ጥርሱን ሳያጸዳ አይተኛ።

ማጠቃለያ

ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ለቅጽበት የሚወጋ ጥርስ ተራ ሙሊት ሊበቃው ይችላልና በዚያ ጊዜ ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ይሻላል። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ሥሩ እንዲታይ የሚጠራ ደወል ነው። ደወሉ ዝም ሲል ደግሞ እሳቱ ጠፍቶ ሳይሆን ደወሉ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ከዚህ ቀደም ብርቱ ሕመም አሳይቶ ኋላ በራሱ ዝም ያለ ጥርስ ያለው አንባቢ ቢኖር፥ ዛሬ ስለማያመው ደስ ብሎት እንዳይቀመጥ፥ በዚህ ወር ውስጥም እንዲያስመረምረው አደራ እንላለን። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ማንበብ ለማይችለው ለቤተ ሰቡና ለጎረቤቱ ያስረዳልን።